አንድ ኮርስ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት ሰው ጋር

ሰሞኑን ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ የመጠናናት ኮርሱን አንቺ ሁለቴ ወስደሽዋል አሉኝ፤ እውነት ይጠቅማል?» አለችኝ። «ሁለቴ» የምትለዋን ቃል የጠራችበት አኳኋን ፈተና ወድቄ ክፍል የደገምኩ አስመሰለኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ልመልስላት ሞከርኩ፤ ሰው ያልፋል፣ ሰላምታ ይመጣል፣ ወሬያችን ተቆረጠ። ያልጨረስኩላትን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልናገር። ኮርሱ በአንድ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) አዳራሽ የሚሰጥ ነው፤ የማማርርበት ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ዘጠኝ ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት። የሚሰጡት ቆሞሱ (አባ የምላቸው የቁምስናው ካህን)፣ በምክር አገልግሎት የሠለጠኑ አንዲት ሲስተር (መነኩሲት) እና በትዳር የቆዩ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የሚገቡት በቁም ነገር መተያየት የጀመሩ ግን ገና ያልተጫጩ ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ካቶሊክ ከሆነ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ባልና ሚስት ይመደቡለታል።

«ያልተጫጩ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ከምሥጢረ ተክሊል በፊት የሚሰጠውን የጋብቻ ዝግጅት ትምህርት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ያኔ ቀኑ ተቆርጧል፣ ጥሪው ተበትኗል፣ ልብሱ ተሰፍቷል። እዚያ ክፍል ውስጥ «ይህ ሰው አይሆነኝም» ብሎ መነሳት ከቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ወርዶ እንደ መሄድ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር መውደድን መማር በሠርግ ዋዜማ በሚሰጥ ሥልጠና የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቫቲካን የወጣው መመሪያም ዝግጅቱን ጥንት ንዑሰ ክርስቲያን ለጥምቀት ይዘጋጁበት እንደነበረው ረጅም ጉዞ በደረጃ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ኮርስ የሚያገኛችሁ ገና መመለስ በሚቻልበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ተመልሻለሁና አውቃለሁ።

መጀመሪያ የገባሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አብሮኝ የነበረውን ሰው «የመጀመሪያው» እያልኩ ልቀጥል። አንደኛው ቅዳሜ ላይ አባ ንጽሕና ማለት መታቀብ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱን፤ ያገባም፣ መነኩሴም፣ ባሏ የሞተባትም፣ እኛም፣ ሁላችንም እንደየኑሯችን በንጽሕና እንድንኖር ተጠርተናል። ትምህርተ ክርስቶስ የተባለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእምነት መጽሐፍ ከፍተው ቁጥር 2350ን አነበቡልን፤ እጮኛሞች የትዳር የሆነውን የፍቅር መግለጫ ለትዳር እንዲያቆዩ፣ በንጽሕና ለማደግም እርስ በርስ እንዲረዳዱ የሚለውን። «እርስ በርስ» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዞር ዞር ብለው አዩን። ያኔ ለምን እንዳዩን አልገባኝም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በረቡዕ ጉባኤያቸው ስለ ሰው አካልና ስለ ፍቅር በሰጡት ትምህርት ላይ ነበር። ትምህርቱ ትልቅ ነው፤ ሌላውን ሰው እንደ ዕቃ መጠቀም የፍቅር ተቃራኒ መሆኑን እንደዚያ ያስረዳ ሌላ አላውቅም። ተናጋሪው ግን ከደመናው አልወረደም። «129 ትምህርቶች ናቸው» ሲል ከኋላችን የተቀመጠ ልጅ በሹክሹክታ «ዛሬ ሁሉንም?» አለ። ከዚያ ቀን ማስታወሻዬ ላይ የቀረችኝ እሷው ናት።

ለእኔ ኮርሱ የጀመረው ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ሲስተር ምንም ሳይናገሩ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሰዓት ሣሉ። አሥራ ሁለቱን ቁጥር ጻፉ፤ ቆጣሪዎቹን አልሣሉም። ጥንዶቹን አለያይተው በአዳራሹ በተኑንና ለየአንዳንዳችን ባዶ ወረቀት አደሉን። ከዚያ «እስከ የት ድረስ ይፈቀዳል የሚለውን ጥያቄ ዛሬ ተዉልኝ፤ መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ በስንት ሰዓት ነው የምትደክሙት? የት? ከምን በኋላ?» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ስለ ንጽሕና ሲነገር የሚታየኝ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ነበር፤ ከመስመሩ ወዲህ ካለህ ደህና ነህ። ሲስተር ግን መስመሩ ላይ የደረሰ ሰው እዚያ የደረሰው ከሁለት ሰዓት በፊት በወሰነው ነገር እንደሆነ ነገሩን። የት እንገናኝ፣ ማን አለ፣ ስንት ሰዓት እንለያይ፣ በምን ልመለስ። ካህናት በንስሐ «ከኃጢአት ምክንያት ራቁ» ሲሉን የኖሩትን ወደ ሰዓትና አድራሻ አወረዱት።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት «ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከተረኝነት ስወጣ። ቤቱ መንገዴ ላይ ስለሆነ» የሚል ነው። ጽፌው ሳየው ደነገጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ስቆጥር አድሬ፣ እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ የምሄደው ወደ እሱ ነበር። የምፈልገው እንቅልፍና «ደከመሽ?» የሚለኝ ሰው ነበር፤ ሰውነቴ ግን በዚያ ሰዓት አንዱን ፍላጎት ከሌላው አይለይም። አንድ ወር ሙሉ ለጸሎቴ ማነስ የሰጠሁት ጥፋት የእንቅልፍ ማነስ ኖሯል።

ሲስተር ወረቀቶቹን ያለ ስም ሰብስበው ጥቂቶቹን አነበቡ። ከሁሉ የበዛው መልስ ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ «ተጣልተን የታረቅን ቀን»። አምስት ወረቀት ላይ አለ። ሲስተር እንዲህ አስረዱን፦ ከጠብ በኋላ ቃል ያልቅባችኋል፤ ያኔ አካል ቃልን ተክቶ «አልተውህም፣ አልተውሽም» ይላል፤ የተጣላችሁበት ጉዳይ ግን ሳይፈታ ይቀመጥና በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል፤ ስለዚህ የታረቃችሁ ቀን ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ይህን ምክር ከዚያ ወዲህ ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ፤ ሦስቱም ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ።

በዚያው ሳምንት እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ገጽ ስምምነት ይጽፋል። የእኛ ከተረኝነት ስወጣ በቀጥታ ቤቴ እንደምገባና እሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚደውልልኝ ይላል፤ የስልክ ወሬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ያቆማል፤ ሁለታችን ብቻ በተዘጋ በር ውስጥ አንቀመጥም፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱ እንደገና ይታያል። አንዷን ሕግ የጨመሩልን የተመደቡልን ቤተሰብ ናቸው፤ እሷን ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ እነሱ ልናገር፤ የኮርሱ ዋና ነገር እነሱ ናቸውና። ጋሼና እትዬ እንላቸዋለን፤ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ናቸው። ሥራቸው ዘበኛ መሆን አይደለም፤ «መስመሩ ላይ ደርሳችኋል አልደረሳችሁም» ብለው ጠይቀውን አያውቁም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አብረናቸው እንቀመጣለን፣ በመካከሉ ስልክ መደወል ይቻላል። አንድ ጠዋት ከተረኝነት ወጥቼ መገንጠያው ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው። ወደ ቀኝ ቤቴ ነው፣ ወደ ግራ የእሱ።

«እትዬ፣ መገንጠያው ላይ ነኝ።»

«በይ ልጄ፣ ስልኩን ሳትዘጊ ወደ ቀኝ ታጠፊ። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ። ተኝተሽ ስትነሺ ያላለቀሰችው አንቺ ደውዪልኝ፤ ከሷ ጋር እናወራለን።»

እስከ በሬ ድረስ ስለ ጋሼ ማንኮራፋት ሲያወሩልኝ ሄዱ። ስለ ንጽሕና አንድ ቃል አልተናገሩም። ይህን አገልግሎት በሌላ መንገድ የት እንደሚያገኙት አላውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አራተኛው ቅዳሜ አንድ ተጋባዥ ተናጋሪ መጣ። ስለ ሴቶች አለባበስ ከሰዓት በላይ ተናገረ፤ ለወንዶቹ የደረሳቸው «እናንተም ዓይናችሁን ጠብቁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ጽጌረዳ አበባ አወጣና በየመደዳው እንድናስተላልፍ፣ ያለፈበት ሁሉ አንድ አንድ ቅጠል እንዲነቅል ጠየቀን። አበባዋ ግንዷን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ከፍ አድርጎ ያዛትና «ይህችን አሁን ማን ይፈልጋታል?» አለ።

ከአጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የነቀለቻትን ቅጠል መዳፏ ውስጥ ይዛ ነበር። ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷም ጓደኛዋም አልመጡም።

ይህ ስድብ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ስሕተትም ነው። ያው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2342 ራስን መግዛት ረጅም ሥራ እንደሆነ፣ አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነ፣ በየዕድሜው እንደገና መጣርን እንደሚጠይቅ ይናገራል። አንዴ የወደቀ ሰው ግንድ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ምሥጢረ ንስሐ ለምን ተሠራ? እኔ በሥራዬ ሰው አውጥቶ የሚጥላትን፣ መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘውን ወረቀት አነባለሁ። ብዙዎቹ ላይ «መውሰድ ከረሱ» የሚል ክፍል አለ፤ ምን ያድርጉ፣ ምን አያድርጉ፣ ሁለት በአንዴ አይዋጡ። ሰው እንደሚረሳ ይታወቃላ። ያኔ የወሰድኩት ኮርስ በዘጠኙም ቅዳሜ «ከወደቃችሁ» የሚል አንድ ገጽ አልነበረውም። ሁለት ገጽ አስተያየት ጽፌ ሰጠሁ።

ስድስተኛው ቅዳሜ የጥያቄዎች ቀን ነው። አርባ ጥያቄ ለየብቻ ይሰጣል፤ ዕዳ አለብህ ወይ፣ የምታሳድገው ወይም የምትረዳው ሰው አለ ወይ፣ የማይነገር ሕመም አለ ወይ፣ ልጅ ትፈልጋለህ ወይ፣ ሥራ ሌላ ቦታ ቢወስድህ ማን ይከተላል፣ ስትናደድ ምን ታደርጋለህ። ከዚያ ወረቀት ትለዋወጣላችሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በንጽሕና ለመቆየት የወሰንከው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው «እሷ ስለምትፈልግ» ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው የጻፈው፤ ለዚያ አከብረዋለሁ። ሰው ለሌላው ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ የራሱ የሚያደርገው ነገር ይኖራል። ሲስተር መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ፣ ወረቀቱን አነበቡና እሱን ጠየቁት፦ «እሷ ‘ይብቃን’ ባለች ማግስት ምን ይሆናል?»

ዝም አለ። «ሁለት ቀን አይደውልም» አልኩ እኔ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ስቆጥረው የኖርኩት ዝምታ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ነበር፤ ሁልጊዜም የሚመጣው ከዚያች ቃል በኋላ ነበር። ሲስተር «ሁለት ቀን» ብለው ደገሙና ሌላ ሳይጨምሩ ወደሚቀጥሉት ጥንዶች አለፉ።

በዚያው ሳምንት ተለያየን። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን እኔ ንጽሕናን የምጠብቅ፣ እሱ የሚከፈለውን የሚጠብቅ አበዳሪ ሆነን ነበር የኖርነው። ትዳር ውስጥም «አይሆንም» የሚባልበት ቀን ሞልቷል፤ ሕመም አለ፣ አራስነት አለ፣ ሐዘን አለ፣ ጉዞ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በምትቀበለው በተፈጥሮ የወሊድ ክትትል የሚኖሩ ባለትዳሮች ደግሞ በየወሩ የሚታቀቡባቸው ቀናት አሏቸው። «አይሆንም»ን በሁለት ቀን ዝምታ የሚቀጣ ሰው ያኔ ምን እንደሚያደርግ ማየት የቻልኩት አሁን ስለተባለ ነው። እስከ የት ይፈቀዳል እያልን ብንከራከር ኖሮ ይህን ሳላየው ተጋብተን ነበር።

ዘመድ አዝማድ «እዚህ ድረስ መጥታችሁ?» ሲለኝ አባ ነበሩ ያረጋጉኝ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀኖና (አንቀጽ) 1062 መሠረት መተጫጨት እንኳ ሠርግ እንዲፈጸም ለማስገደድ መብት እንደማይሰጥ ነገሩኝ፤ እኔማ ገና አልተጫጨሁም። ቀድሞ የጠቀስኩት የ2016ቱ ሐዋርያዊ ምክርም መጨረሻው እንደማያምር የሚታይን ግንኙነት ማቋረጥ አስተዋይነት እንደሆነ ይላል። ቀሪዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች ብቻዬን፣ ከኋላ መደዳ ተቀምጬ ጨረስኩ። ማንም ለምን ብቻሽን አላለኝም፤ ጋሼ ብቻ ወንበራቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ጊዜ ባለፈው ዓመት ነው፤ ከአሁኑ እጮኛዬ ጋር። እሱ ከእምነቱ ርቆ ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ያሳለፈውን ሳይደብቅ ነግሮኛል፤ ዝርዝሩን አልጠየቅኩም፣ አልተናገረም። ኮርሱን ሳነሳለት የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «አበባውን ያስዞራሉ?»

አላስዞሩም። ያ ተናጋሪ ቀርቷል፤ በእኔ አስተያየት ይሁን በሌላ አላውቅም። በእሱ ፈንታ አባ ሙሉ ቅዳሜውን ስለ ውድቀትና ስለ ንስሐ ሰጡ፤ ይህን ትምህርት ለብቻው ቀድተው ቢያድሉት እወዳለሁ። ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። በዚያው ሌሊት ምንም ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፤ እንለያይም ቶሎ እንጋባም አትበሉ። የነገሩ ጀማሪ ማን እንደነበር አትካሰሱ። ለየብቻችሁ ወደ ንስሐ ሂዱ፤ እርስ በርስ መናዘዝ ኑዛዜ አይሆንም፣ ጭራሽ ነገሩን መልሶ ያሞቀዋል። ከቅዳሴ አትቅሩ። ንስሐ የገባ ሰው ዳግም ላለመውደቅ የሚወስነው ውሳኔ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው አጋጣሚውን ሲያስወግድ ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ ወረቀታችሁን አውጡና ሰዓቱ የት ላይ እንደፈሰሰ ፈልጉ። «ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ስጡ፤ ሰዓቱን ግን ራሳችሁ አስተካክሉ» አሉ። እጮኛዬ ጎኔ ተቀምጦ ሲጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶው አለቀበትና የእኔን ወሰደ።

ስለ ስልክ የተጨመረው ትምህርት አጭርና በቂ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚላክ መልእክትና የቪዲዮ ጥሪ በር የሌለው ክፍል ነው ብለው አለፉ።

ወንዶቹን ለብቻ የሰበሰቡበት ሰዓት ከእኛ የተሻለ እንደነበር ሰምቼ ቀናሁ። ስለ ወሲብ ምስል ሱስ በግልጽ ተነጋግረዋል፤ ጋሼ ናቸው የመሩት። ለአንድ የምታምነው ወንድ ተናገር፣ ስልክህ ላይ ማገጃ አስገባ፣ የነፍስ አባትህ አንድ ሰው ይሁን እንጂ እየቀያየርክ አትዙር፣ እጮኛህን ደግሞ ፖሊስ አታድርጋት ብለዋቸዋል። የእኛ የሴቶቹ ሰዓት ይህ ጉዳይ ሴቶችንም እንደሚነካ ያወቀ አይመስልም።

ያልጠበቅኩት ምክር ስለ ጸሎት ነው። አብራችሁ ጸልዩ ይሉናል ብዬ ነበር፤ አሉም፣ ግን አጭር ይሁን፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም ሰው ባለበት ይሁን አሉ። ሁለት ሰው ሌሊት ለብቻው ተቀምጦ ነፍሱን ሲከፍት የሚፈጠረው መቀራረብ በጸሎት ስለተጀመረ ብቻ በጸሎት አያልቅም። እኛ ስንለያይ አንድ አባታችን ሆይ እንደግማለን፤ መቁጠሪያውን የየብቻችን አድርገነዋል።

አብራችሁ ሥሩ የሚለውም ጠቅሞናል። ከእጮኛዬ ጋር ስለ ትዕግሥት ከተነጋገርነው ሁሉ ይበልጥ የተማርኩት የቁምስናውን የተበላሸ ማተሚያ ማሽን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠግን ሳየው ነው። ሁለቴ ከፈተው፣ ሁለቴ ዘጋው፣ ሦስተኛ ጊዜ ወረቀቱ ሲነክስበት ሳቀ። እኔ ያኔ ማሽኑን በጫማዬ ልመታው ተነስቼ ነበር። ያንንም አይቶታል።

ስለ ቅዱሳን ባለትዳሮች የተነገረው ላይ ግን አንድ ነገር ላርም። የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ወላጆች የሆኑት ሉዊና ዜሊ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1858 ተጋብተው በ2015 አብረው ቅዱሳን ተብለው ታውጀዋል። ተናጋሪዋ ከተጋቡ በኋላ አሥር ወር ያህል እንደ ወንድምና እህት መኖራቸውን የንጽሕና ጫፍ አድርጋ አቀረበችው። የቀረውን አልጨረሰችውም፤ የነፍስ አባት መክሯቸው ያንን ተዉና ዘጠኝ ልጅ ወለዱ። አንደኛው ቅዳሜ የተማርነውን የሚያስረዳው እኮ ይኸው ሁለተኛው ክፍል ነው። ደግሞም በተዋወቁ በሦስት ወር መጋባታቸው ሲነገር ከፊታችን የነበሩት ጥንዶች ተያይተው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ፤ እዚያም ላይ አንድ ቃል ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተሰጠበት ቅዳሜ ደረቅ ነው፣ ግን አትቅሩ። ቀደም ሲል ያገባ ሰው፣ በማዘጋጃ ቤት ብቻም ቢሆን፣ ለማግባት ነጻ መሆኑ በቤተ ክርስቲያን መታየት አለበት፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ካቶሊክ ያልሆነ ግን የተጠመቀ ሰው ለማግባት ፈቃድ፣ ያልተጠመቀ ለማግባት ደግሞ ከክልከላው መፈታት ያስፈልጋል። ካቶሊኩ ወገን ልጆቹ በካቶሊክ እምነት ተጠምቀው እንዲያድጉ የሚቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል፤ ሌላው ወገንም ይህን አውቆ ነው የሚገባው። አባ ለላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች የወጣውን የእ.ኤ.አ. 1983 ሕግና ለምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች የወጣውን የ1990 ሕግ ለየብቻ ጠቅሰው ልዩነቱን አሳዩ። ልብ ከተሰጠ በኋላ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል ከእኛ ጋር ከነበሩት ጥንዶች አንዱ ፊት ላይ አይቻለሁ። ያለፈ ጋብቻ ነበረው፤ እሷም ታውቃለች፤ ሁለቱም ጠይቀው አያውቁም ነበር። ደግነቱ ገና ቀለበት አልገዙም።

ያልተሻሻለውን ልናገር። ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፣ ማካካሻ የለም። ተረኛ ለሆንን ሰዎች አንድ ቀን መቅረት አንድ ትምህርት መዝለል ነው፤ ፈረቃ ለመለዋወጥ ሥራ ቦታ የለመንኩትን ሰው ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። አሥራ አራት ጥንድ ለአንድ ሲስተር ይበዛል፤ በጥያቄዎቹ ቀን እኛ ጋ የደረሱት አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ነው። በሥራ ምክንያት ተራርቀው ለሚጠናኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነገር የለም። ምሳሌው ሁሉ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እጮኛዬ ሠላሳ ስምንት፤ ከኋላችን አንዲት ሁለት ልጅ የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። «ወላጆቻችሁ ቤት በሩን ክፍት አድርጋችሁ ተቀመጡ» ሲባል እሷ «ወላጇ እኔው ነኝ» ብላ አሳቀችን፤ መልስ ግን አላገኘችም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ነበር የምሰጠው፤ ሁለቱም ለሲስተርና ለእትዬ። ቀን የቆረጣችሁ አትግቡ፣ ለእናንተ ሌላ ትምህርት አለ። ሌላውን ሰው ለማስተካከል ብላችሁ ጎትታችሁ አታስገቡት። የምትገቡ ከሆነ ሁለት እስክሪብቶ ያዙ፤ ወረቀት ሲታደልም ተራርቃችሁ ተቀመጡ፣ የሌላው መልስ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ።

እትዬ የጨመሩልንን ሕግ እመለስባታለሁ ብዬ ነበር። «ይብቃን» ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ ማግስቱንም እንደ ሌላው ቀን ይደወልለታል ትላለች። ከአሁኑ እጮኛዬ ጋር በጻፍነው ወረቀትም አንደኛ ተራ ላይ ናት። ወረቀቱ ተጣጥፎ በሥራ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንዴ አብሮ ታጥቦ ቀለሙ ደብዝዟል። ባለፈው እሁድ የወሩ መጨረሻ ስለነበር አውጥተን አየነው። እሱ ማታ የምንለያይበትን «ሦስት ሰዓት» የሚለውን ሰርዞ «ሁለት ተኩል» ብሎ ጻፈ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰኞ ጠዋት ከተረኝነት ወጥቼ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ ስልኩ የጮኸው በስምንት ሰዓት ነው።